ሂፒዎቹና የመብት ታጋዮቹ ወጣቶች አንድ ነበሩ?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፣ በታሪክ ክበባችን በ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ስለነበሩት የአሜሪካ ወጣቶች ስንወያይ ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ጸጉራቸውን ያሳደጉትን ሂፒዎችና ለጥቁሮች መብት የታገሉትን ወጣቶች እንደ አንድ እንቅስቃሴ ያዩአቸዋል፤ ሌሎቹ ሂፒዎቹ ከኅብረተሰቡ ሸሹ እንጂ ያሻሻሉት ነገር የለም ይላሉ። ለቀጣዩ ውይይት የሚሆን ማስረጃ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

መምህር፣ እኔ ብሆን በሰሜን ካሮላይና ግዛት ካለችው ከግሪንስቦሮ ከተማ እጀምር ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ዎልዎርዝ ከተባለው መደብር ጥቃቅን ዕቃ ገዝተው ደረሰኝ ከተቀበሉ በኋላ፣ ለነጮች ብቻ በተከለለው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ፤ አንታዘዛችሁም ቢባሉም እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም። ደረሰኙን ልብ ይበሉልኝ፤ በአንዱ ባንኮኒ ገንዘባቸውን የተቀበለ መደብር በሌላው የሚከለክልበትን ምክንያት ማስረዳት አልቻለም። ድርጊቱ በሳምንታት ውስጥ በደቡብ ከተሞች ተዛመተ፤ በጁላይ የዚያው መደብር ባንኮኒ ለጥቁሮች ተከፈተ። ለውጥ ያመጣው እንዲህ ያለ፣ አንድን ደንብ ለይቶ የያዘ ትግል ነው።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም በመብት ታጋዮቹና በሌሎቹ ወጣቶች መካከል ድልድይ ነበረ። ማሪዮ ሳቪዮ የተባለ ተማሪ በ1964 ክረምት በደቡባዊቷ ሚሲሲፒ ግዛት ጥቁሮችን ለምርጫ ሲያስመዘግብ ቆይቶ ካሊፎርኒያ ወዳለው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ፣ ግቢው የፖለቲካ ቅስቀሳን ከልክሎ አገኘው። በኦክቶበር ፖሊስ አንድ ቀስቃሽ ይዞ መኪና ውስጥ ሲያስገባ ተማሪዎች መኪናዋን ከበው 32 ሰዓት ያህል አላንቀሳቅስ አሉ፤ ሳቪዮም ጣሪያዋን እንዳይጎዳ ጫማውን አውልቆ ወጥቶ ንግግር አደረገ። ሕግ እየጣሱ ለንብረት መጠንቀቅ ከደቡቡ ትግል የተማሩት ሥርዓት ይመስለኛል።

መልስ፦ ከአንኮበር

ወንድሞቼ፣ ሂፒዎቹን እንዲህ በቀላሉ አንለፋቸው። በሳን ፍራንሲስኮ ሄይት አሽበሪ ሰፈር ዲገርስ የተባሉት ወጣቶች ማንነት ሳይጠይቁ በመናፈሻው ምግብ በነጻ ያድሉ ነበር፤ በጁን 1967 ደግሞ ዶክተር ዴቪድ ስሚዝ በዚያው ሰፈር ነጻ ክሊኒክ ከፈተ። አደንዛዥ ዕፅ ብዙዎችን እንደጎዳ አልክድም፤ ነገር ግን ክሊኒኩ የተጎዱትን ሳይወቅስ ማከሙ ማሻሻያ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

የክሊኒኩን ነገር እቀበላለሁ። ሕጉን በተመለከተ ግን፣ መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ሁለት ዓመታትን ያቅርቡላቸው። የእኛ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በወጡበት በ1957 ዓ.ም.፣ በዓመቱ መጨረሻ (በፈረንጆች ኦገስት 1965)፣ በአሜሪካ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረው ሕግ ጸደቀ። በፈረንጆች 1971 ደግሞ በ18 ዓመቱ ለቬትናም ጦርነት እየተመለመለ እስከ 21 ድምፅ መስጠት ያልተፈቀደለት ወጣት፣ በ26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብቱን አገኘ።