ለሲኒየር ሞባይል ዴቨሎፐር ኢንተርቪው ምን ላይ ላተኩር?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍላተር (የሞባይል መተግበሪያ መሥሪያ) ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ኮትሊንም (የአንድሮይድ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ነካክቻለሁ። አዲስ አበባ ያለ የክፍያ መተግበሪያ የሚሠራ ድርጅት ለሲኒየር ቦታ ጠርቶኛል። መጀመሪያ በቪዲዮ ኮድ ያጽፉኛል፤ ካለፍኩ ቢሮ ሄጄ ሲስተም ዲዛይን (የአንድን ሥርዓት አጠቃላይ አወቃቀር መንደፍ) ነው። አልጎሪዝም (የችግር መፍቻ ደረጃዎች) ልሸምድድ ወይስ ሌላ የሚጠበቅ አለ? መብራቱም ያሳስበኛል።

የጠባሴ ልጅ፦
አልጎሪዝሙን ከልሰው እንጂ አትሙትበት። ክፍያ ከሆነ ይህች አትቀርም፦ ሰውዬው «ላክ» ብሎ ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢቋረጥስ? ለዝውውሩ ልዩ መለያ ትፈጥርና ከመላክህ በፊት ስልኩ ላይ ታስቀምጣለህ። ድጋሚ ስትሞክር ያንኑ መለያ ነው የምትልከው፤ ሰርቨሩ አንዴ ያስተናገደው ከሆነ ብር ሳይቆርጥ የበፊቱን ውጤት ይመልስልሃል። መልስ ስለዘገየ ብቻ «አልተሳካም» ብለህ እንዳታሳይ! ሰውዬው እንደገና ይልካል። «በሂደት ላይ» በልና ሁኔታውን ከሰርቨሩ አጣራ።

ከመሐል ሜዳ፦
ፍላተር ብቻ ይዘህ አትግባ፣ ከሥር ያለውን አሠራርም ይጠይቁሃል። ብዙ ሰው ኮዱ ላይ «አሲንክ» (ውጤቱ በኋላ የሚመጣ ሥራ) ካለ ሥራው ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ላይ የሄደ ይመስለዋል። አይደለም። ከባድ ጄሰን (ከሰርቨር የሚመጣ የዳታ ጽሑፍ) እዚያው ዋናው አይሶሌት (ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው የሥራ መስመር) ላይ ከተነተንክ ስክሪኑ ይንተባተባል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ለአንዱ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ግን ቡድን መርቼ አላውቅም፣ ብቻዬን ነው የሠራሁት።

ኢንተርቪው የማደርግ እህት፦
እንዳለ ንገራቸው፤ የተጋነነ ሲቪ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል። ይልቅ አንድ ክራሽ (መተግበሪያው በድንገት የሚዘጋበት ችግር) ከሪፖርቱ ጀምረህ እንዴት እንደፈታህ ተርክ። ማስተካከያውን እንዴት እንደለቀቅከውም ጨምር፦ ፕሌይ ስቶር ላይ መጀመሪያ ለጥቂት በመቶ ተጠቃሚ ትለቃለህ፣ ችግር ካየህ ታቆማለህ። ስልክ ላይ የገባው ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ አዲስ ሥሪት ማውጣት ነው።

የጠባሴ ልጅ፦
መብራቱን በተመለከተ፦ ላፕቶፑን ሙላ፣ የስልክህን ሆትስፖት አዘጋጅ፤ ዋይፋዩ ከመብራቱ ጋር ነው የሚጠፋው። ቢቋረጥ የምትደውልበት ቁጥርም ቀድመህ ተቀበል። ሰዓቱ ጠዋት ከሆነ እጅህን አሙቅ፣ ብርዱ ኪቦርድ አያስነካም። ለቢሮው ቀን ግን 130 ኪሎ ሜትሩን በዋዜማው ጨርሰህ እደር።

ከመሐል ሜዳ፦
ደመወዝ ሲጠሩልህ ጥቅል ይሁን የተጣራ ጠይቅ።