«ፕሬዛ ዲ ኮሼንሳ»ን በእንግሊዝኛ እንዴት ትሉታላችሁ?

የከዚራዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬ ነኝ። ከጣልያንኛ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው የምኖረው። የማሽን ማንዋልና ደብዳቤ አያስቸግረኝም። ሰሞኑን ግን ስለ ትምህርት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ መጣልኝ፣ ከላይ እስከ ታች ስለ ማሰብ ነው የሚያወራው፣ አራት ገጽ ሠርቼ ብልክ «እንግሊዝኛው ጣልያንኛ ጣልያንኛ ይላል» ተብሎ ተመለሰልኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ሳነበው ይጎረብጠኛል፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ ግን አልታይ አለኝ። «ፕሬዛ ዲ ኮሼንሳ» ይላል፣ ቃል በቃል «ንቃትን መያዝ»። «ማቱራሬ ኡና ኮንቪንሲዮኔ»፣ እምነትን ማብሰል። «ስፑንቶ ዲ ሪፍሌሲዮኔ»፣ የማሰቢያ መነሻ። «ፖርታሬ አቫንቲ ኡን ዲስኮርሶ» ደግሞ ንግግርን ወደፊት መውሰድ። መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱን ቃል ይሰጠኛል፣ ሲገጣጠም ግን እንደዚያ ብሎ የሚናገር ሰው የለም። እናንተ እንዴት ትወጡታላችሁ?

ሳቢያን
እህቴ፣ ቃሎቹን አትክሰሻቸው። ጣልያንኛ ስለ ማሰብ ሲጽፍ ስም ይወዳል። ማሰቡን ዕቃ ያደርገውና ይይዘዋል፣ ያበስለዋል፣ ይሸከመዋል። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ሰውየውን ነው፣ ማን ነው ያሰበው? «ላ ፕሬዛ ዲ ኮሼንሳ ዴይ ዶቼንቲ» ካለ መምህራኑን ወደፊት አምጪና ግስ ስጫቸው፦ «ዘ ቲቸርስ ኬም ቱ ሪያላይዝ»። «ማቱራሬ» ያልሽውም «ኬም ቱ ቢሊቭ» ይበቃዋል፣ ቀስ ብሎ የመጣ መሆኑ «ኬም ቱ» ውስጥ አለ። «ስፑንቶ ዲ ሪፍሌሲዮኔ» የተዘጋጀ አቻ አለው፣ «ፉድ ፎር ቶት»። በአንድ ገጽ ሁለቴ ከመጣ ግን ሁለተኛውን «ሰምቲንግ ቱ ቲንክ አባውት» በዪው፣ አለበለዚያ ይሰለቻል።

ጀጎል
ከሐረር። ሳቢያን ባለው እስማማለሁ፣ እኔ ግን አንድ ነገር አስቀድማለሁ። ከጣልያንኛ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ አልሄድም። መጀመሪያ በአማርኛ ጮክ ብዬ ለሰው እንደምነግር እለዋለሁ። ልማድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ አማርኛችን ለእነዚህ ነገሮች በጣም ቅርብ ነው። «ፔንሳሬ» ማለትም ማሰብ፣ ከላቲን ሲመጣ መመዘን ማለት ነበር፣ እኛም «እስቲ ነገሩን ላመዛዝነው» እንላለን። «ሬንደርሲ ኮንቶ» ውስጥ ያለው «ኮንቶ» ሒሳብ ነው። የኛ ሐሳብና ሒሳብስ ከአንድ ሥር አይደሉም? ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበት ባሕረ ሐሳብ ስሙ ራሱ ቆጠራ ነው። ስለዚህ «ሚ ሬንዶ ኮንቶ» ሲመጣብሽ በአማርኛ «ገባኝ» ወይ «ታወቀኝ» ትያለሽ፣ ከዚያ «አይ ሪያላይዝ» ራሱ ይመጣል። በአማርኛ ማለት ካቃተሽ ደግሞ አረፍተ ነገሩ ገና አልገባሽም ማለት ነው። እኔን ብዙ ጊዜ ያዳነኝ ይኼ ነው።

ለገሃር ሰፈር
አቦ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። አባቴ መካኒክ ነበር፣ እኔም ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ይሄ ሁሉ ጣልያንኛ መሆኑን ሳላውቅ ነው አፌን የፈታሁበት። በእጅ የሚያዘው ሁሉ ወደኛ ገብቷል። የማሰብ ቃላቱን ግን ከመጽሐፍ ነው የተማርነው፣ ለዚህ ይመስለኛል ከአፍ ሲወጡ የሚደርቁት።
እኔን የሚቆጨኝን ልንገርሽ። አንዲት እናት ለልጃቸው ጉዳይ የጻፉትን ደብዳቤ ተርጉሜ ነበር። «ስቶ ኢን ፔንሲዬሮ ፔር ሚዮ ፊልዮ» ይላል። እኔ «አይ አም ቲንኪንግ አባውት ማይ ሰን» አልኩት። ሴትየዋ ግን ስለ ልጃቸው ተጨንቀው ነበር፣ «ወሪድ» ነው የሚለው። ጭንቀታቸውን አወጣሁባቸውና ዝም ብለው የሚያስቡ ሰው ሆኑ። ጀጎል እንዳለው በአማርኛ ብዬው ቢሆን ኖሮ «ልጄ አሳስቦኛል» ይወጣልኝ ነበር፣ እኛ ሰውን ስናጽናና «አታስቢ» አይደል እንዴ የምንለው? «ቺ ፔንሶ ኢዮ»ም እንደዚያው ነው። «ስለሱ አስባለሁ» አይደለም፣ «ለኔ ተዪው» ነው። እንግሊዝኛው «ሊቭ ኢት ቱ ሚ»።

ሳቢያን
አንድ ልጨምር። ሁሉንም አታፍርሺ። ፈላስፋው ጂያኒ ቫቲሞ «ፔንሲዬሮ ዴቦሌ»፣ ቃል በቃል ደካማ ሐሳብ፣ ያለው በእንግሊዝኛ «ዊክ ቶት» ተብሎ ጸንቷል። እንዲህ ያለ የሙያ ስም ጆሮ ቢቆረቁርም እንዳለ ይተዋል። ደራሲው ቃሉን እንደ ስም እየተጠቀመበት ነው ወይስ እያወራ ብቻ ነው፣ እሱን ለዪ።

የከዚራዋ
እግዜር ይስጣችሁ። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አንደኛውን ገጽ በአማርኛ ለእህቴ ነገርኳት። ሁለት ቦታ «ማን?» ብላ አቋረጠችኝ፣ ሁለቱም ቦታ እንግሊዝኛዬ ላይ ሰው አልነበረበትም። አሁን አስተካክያቸዋለሁ። «ዲስኮርሶ» ብቻ ቀረኝ። «ንግግር» ስለው አይሄድም፣ መምህራኑ ለዓመታት የሠሩትን ነው የሚያወራው።

ጀጎል
«ነገር» በይዋ። «ነገረ» ማለት ተናገረ ነው፣ «ነገር» ግን ጉዳይም ነው፣ «ያ ሌላ ነገር ነው» እንደምንለው። ጣልያኖቹም «ኤ ኡን አልትሮ ዲስኮርሶ» ሲሉ ይህንኑ ነው። ስለዚህ መምህራኑ «ነገሩን ገፉበት»። እንግሊዝኛው «ዴይ ኬፕት ወርኪንግ አት ኢት»።

የከዚራዋ
«ገፉበት»! አዎ፣ እሱ ነው። ሁለተኛውን ገጽ ልጀምር።