የተማሪዬን ግጥም ሰረዝኩ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ባለ ቀይ እስክሪብቶ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከክፍሌ መስኮት ጣና ይታያል፣ ይበቃል። ከማስተማሩ ሌላ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ ነኝ። ትምህርት ቤት ከለቀቃችሁ ለቆያችሁ ላስታውሳችሁ፦ አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ሞንታርቦ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ አንድ ማይክ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ይነበባል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ግጥም፣ ቀልድና ጥያቄና መልስ።

ባለፈው ወር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግጥም አመጣችልኝ። ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። ውሃ የለውም። ሮቶው ከደረቀ ወራት አልፎታል። ሴቶቹ ከቤታቸው በሃይላንድ ውሃ ይዘው ይመጣሉ። የወር አበባ ሲመጣ ደግሞ የሚቀሩ አሉ። ስም ስጠራ እኔው አየዋለሁ፤ በየወሩ ያው ልጅ፣ ያው ሁለት ሦስት ቀን። ግጥሙ 14 ስንኝ ነው፣ መዝጊያው ይኸውላችሁ፦

ጣና ከደጃችን ሞልቶ እየታየ፣
የቧንቧው ጉሮሮ ታንቆ ስንት ወር ቆየ።

እውነት ለመናገር ቀናሁባት። እኔ በእሷ ዕድሜ ስለ ጨረቃ ነበር የምጽፈው።

እኛ ጋ ማይክ ላይ የሚነበብ ነገር ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ይሰጣል። ያነባል፣ ይፈርማል። ያልተፈረመበት አይነበብም። ይሄኛው ወረቀት ሳይፈረም ተመለሰ። "ጉሮሮ" የምትለዋ ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ቢሮ ተጠራሁ።

"ይቺ ጉሮሮ የማን ናት?"

"የቧንቧው ናት።"

"አማርኛ አስተማሪ ሆነህ እንዲህ ትለኛለህ? ወርቁን ንገረኝ።"

ምን ልበል? ሰምና ወርቅ ፈልጉ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ የማደርቃቸው እኔ ነኝ። ወጥቼ ልጅቷን ጠየቅኋት። "ቲቸር፣ ወርቅ የለውም። ውሃ ነው የጠየቅኩት" አለችኝ።

ሁለት ምርጫ ተሰጠኝ። ወይ ሁለቱ ስንኞች ይውጡ፣ ወይ ደግሞ ውሃው በቅርቡ እንደሚመጣ የሚያበስር መዝጊያ ይጨመር። ሁለተኛው አሳፈረኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሁለቱን ስንኞች ሰረዝኩ። ልብ በሉ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ያሰመረው ብቻ ነው። ልጅቷ ወረቀቱን አየችው፣ አጠፈችው፣ "እሺ ቲቸር" ብላ ሄደች። አላነበበችም።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ግጥም ገባልኝ። ሰባቱ ስለ እናት ናቸው። ሁለቱ ስለ አባይ። ስለ እናት መጻፍ ምን ክፋት አለው፣ ግን ሰባት! የምሰርዘው ነገር አጣሁ። ምክትሉ ዘጠኙንም ቆሞ ፈረመልኝ።

ጥያቄዬ ይሄው ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሕጉስ ምን ይላል? እባካችሁ "ታገል" ብቻ አትበሉኝ። የመምህር ደመወዝ ታውቃላችሁ።

ከአባይ ማዶ

ወንድሜ፣ ጠበቃ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሰጠው ለ"ማንኛውም ሰው" ነው። 18 ዓመት የሞላው አይልም። በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በሥነ ጥበብም ይላል። ግጥም እዚያ ውስጥ አለ።

እዚያው ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው። እዚህ ጋ ግን ቀስ በል። ያ ንዑስ አንቀጽ የሚያወራው ስለ ፕሬስ ነው። የትምህርት ቤት ሞንታርቦ ፕሬስ ነው ወይ ብለህ ሁለት ጠበቃ ብትጠይቅ ሦስት መልስ ታገኛለህ። ጋዜጣ ላይ ሳንሱር በአዋጅ ከቀረ ቆይቷል፤ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ነው የቀረው። ምክትላችሁ ያኔ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም። ዜናው አልደረሰውም ማለት ነው።

ገደብም አለ፣ ልደብቅህ አልፈልግም። ንዑስ አንቀጽ 6 የወጣቶችን ደህንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ሊወጣ ይችላል ይላል። ግን መልካም ስም ያለው ቧንቧ እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የምጠቅሰው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች፤ የተቀበልነው ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል፤ ሐሳቡም ክብደት ሊሰጠው ይገባል። አንዲት ተማሪን ከምትጠቀምበት መጸዳጃ ቤት በላይ ምን ይመለከታታል?

በተግባር ግን ፍርድ ቤት አትሂድ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ "የሚከለከልበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ።" ብዙ ክልከላ የሚኖረው በቃል ስለሆነ ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን የጻፈውን ሰው ራሱን ያሳፍረዋል።

የቀድሞ ምክትል

እኔ ያ ሰውዬ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ስሙኝ።

አንድ ጊዜ ሳላነብ አሳለፍኩ። አንድ ጎረምሳ "ቀልድ" ብሎ ስለ አንዲት መምህርት ትዳር አነበበ። ስሟን አልጠራም፣ ግን ቦርሳዋን ገለጸ። ግቢው ሙሉ ሳቀ። ሁለት ቀን ሥራ አልገባችም። ከዚያ በኋላ ሳላነብ አልፈረምኩም፣ በዚህም አላፍርም። ማይክ ለሺህ ልጅ ነው የሚያወራው፤ አስቀድሞ ማየት ሁሉ ሳንሱር አይደለም።

ደግሞም አሁን ባለንበት ጊዜ ጠዋት የተነበበ ነገር እረፍት ሳይደወል ቲክቶክ ላይ ነው። ስልክ የሚደወለው ለልጅቷ አይደለም። "ምንድነው የሰማነው?" የሚል ስልክ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንስቻለሁ። እግር ያንቀጠቅጣል።

ግን አንድ ነገር ልመንላችሁ። ወርቁን ንገረኝ ማለቱ ሰበብ ነው። ምክትል ወርቅ አይፈራም። ወርቅን መካድ ይቻላል፣ "እኔ አልገባኝም ነበር" ትላለህ፣ አለቀ። የሚፈራው ሰሙን ነው። ውሃ የለም። ይሄ እንዴት ይካዳል? "የሮቶው ጥገና ምን ደረሰ?" ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ምናልባት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ መልስ አላገኘም ይሆናል። ፊቱን አንብበው።

ቨርጂኒያ ያለሁ

እዚህ አሜሪካ ነፃነቱ በሽ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ልጄ የትምህርት ቤት ጋዜጣ ውስጥ ስለገባች ነገሩን ተምሬዋለሁ። ሁለት ፍርድ አለ።

በ1965 በፈረንጆች፣ አይዋ ግዛት ዴ ሞይን ከተማ፣ ጥቂት ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ሄዱ። ለጊዜው ከትምህርት ታገዱ። አንዷ 13 ዓመቷ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 ልጆቹ 7 ለ2 ረቱ። ትምህርቱን በእርግጥ እስካልረበሸ ድረስ ተማሪ ትምህርት ቤት በር ላይ መብቱን አውልቆ አይገባም ነው ነገሩ።

ከዚያ ደግሞ ሄዝልዉድ የሚባል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሊታተም ካለ የተማሪዎች ጋዜጣ ሁለት ገጽ አወጣ። ስለ ተማሪዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የሚያወራ ጽሑፍ ነበረበት። በ1988 ፍርድ ቤቱ ለርዕሰ መምህሩ ፈረደ፣ 5 ለ3። ጋዜጣው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሥራ ስለሆነ፣ ከማስተማር ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ካለ ትምህርት ቤቱ ይቆርጣል ተባለ። አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ለተማሪዎቹ የተሻለ ጥበቃ ሰጥተዋል።

ስለዚህ ልጅቷ ግጥሙን ክንዷ ላይ ብታስረው እዚህ ትረታ ነበር። በእናንተ ሞንታርቦ ከሆነ ግን እንጃ።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ (ጠያቂ)

ከአባይ ማዶ፣ "በጽሑፍ ይሰጠኝ" የሚለውን ወስጃለሁ። የቀድሞ ምክትል፣ ስለ መምህርቷ ያልከው ልክ ነው፤ እኔም ስድብ አላስነብብም። ግን ቧንቧ ሥራ አይቀርም። የደብዳቤውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እጠይቀዋለሁ።

የዋሸራ ተማሪ

ልጄ፣ እኔ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳልገባ ቅኔ ቤት ነው የከረምኩ። ስልኩን የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እኛ ቀን ቀን ብቻችንን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥር ነበር። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርበን እንነግራለን። ጓደኛ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ ይሰማል። የኔታ ያርማሉ፣ ይቆጣሉ፣ አንዳንዴ "ይሄ ቅኔ ነው ጭቃ?" ይላሉ። ግን ሁሉ ከተሰማ በኋላ ነው። ለምን እንደተሰበረ ሁሉ ይማርበታል። መሳቢያ ውስጥ ታርሞ የቀረ ቅኔ አላየሁም።

የልጅቷ ሁለት ስንኝ በጉባኤ ቃና ልክ ናት። ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ነው። አጭር ስለሆነ ይናደፋል።

አንድ ነገር ግን ታዘብኩህ። ወርቅ የለውም ስትልህ አመንካት? ወርቅማ አለው። አንተ ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ ወርቁን አውጪ ብትላት ምን ልትልህ ነበር?

የኋላ ወንበር

ቲቸር ስም አልጠራም ግን አወቅንዎት። ሞንታርቦና ፕላስተር ያሉ ጊዜ ነው ያወቅንዎት።

ስለ እናት የምንጽፈው ስለሚፈረም ነው። እኔ ራሴ ጽፌያለሁ፤ እናቴ ስታነበው "ይሄ የማን እናት ናት?" አለችኝ። የተሰረዘው ግጥም ደግሞ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አለ። ወንዶቹም ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል። ሳይነበብ ነው የታወቀው። ዘጠኙ የተነበቡትን ግን ማንም አያስታውስም ይቅርታ።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ (ጠያቂ)

ለቆየሁበት ይቅርታ፣ የፈተና ሰሞን ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ግጥሙን ሳይሰረዝ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ወሰድኩለት። "ካልፈረምክበት ምክንያቱን ጻፍልኝ" አልኩት። ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። እስክሪብቶ አነሳ። "ጉሮሮ የሚለው ቃል" ብሎ ጀመረ። ቆመ። ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሳቀ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ የራሱን ደብዳቤዎች አሳየኝ። ሦስት ሳይሆኑ አራት ናቸው፣ የሮቶ ጥገና የሚጠይቁ። መልስ የላቸውም። የቀድሞ ምክትል፣ አንተ ሰው ጠንቋይ ነህ።

"ይነበብ" ብሎ ፈረመ። "ስልክ ሲደወል ግን የምታነሳው አንተ ነህ" አለኝ።

ረቡዕ በእረፍት ልጅቷ ማይኩን ያዘች። አራተኛው ስንኝ ላይ ማይኩ ድርግም አለ። መብራት ሄደ! ግቢው በሙሉ ዞሮ አየኝ። "መብራት ነው! መብራት ነው!" እያልኩ ሶኬቱን ሳሳይ ማን ይመነኝ። እሷ ግን ማይኩን አስቀምጣ በባዶ ድምፅዋ ቀጠለች። መዝጊያዋ ላይ ስትደርስ ተማሪው ሁሉ አብሯት አለው። ቴሌግራሙ ሠርቷል ማለት ነው። ምክትሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ግን አልምልም።

አባቴ፣ ወርቁን አልጠየቅኋትም። እንደ የኔታ ቁጡኝ፣ ይገባኛል።

ስልክ እስካሁን አልተደወለም። ውሃውም እስካሁን አልመጣም።

የኋላ ወንበር

ቲቸር ግን በእውነት መብራት ሄዶ ነው?

ባለ ቀይ እስክሪብቶ (ጠያቂ)

በሩ ላይ ያለው ጁስ ቤትም ጠፍቶ ነበር። ሄዳችሁ ጠይቁ።