ለትምህርት ቤት የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ይሻላል ወይስ ሌላ ነገር?

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የጦርነት መታሰቢያ ዲዛይን አድርጉ ተብለን እኔ እንደ ስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ረዥም ነገር ግቢው መሃል ላይ ሳልኩ፣ መምህሬ አይቶ "እሺ፣ ተማሪው በየቀኑ ምን ያደርገዋል?" አለኝ፣ መልስ አጣሁ። በአካል ሄዳችሁ ያያችሁት ካለ እስኪ ንገሩኝ።

የሳውዝሃምፕተኑ፦
እህቴ፣ እዚህ እንግሊዝ ዊንቸስተር ኮሌጅ የሚባል አለ፣ ኮሌጅ ይባል እንጂ ሃይስኩል ነው፣ በጉብኝት ገብቼ አይቼዋለሁ። መታሰቢያቸው የሚቆም ሐውልት አይደለም፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ግቢ ነው፣ ዙሪያውን ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ይዞረዋል፣ ልክ በክብ ቤተክርስቲያን ቅኔ ማህሌቱን እንደምትዞሪው በይው፣ ይሄኛው ግን አራት ማዕዘን ነው። የሠራው ኸርበርት ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ነው፣ በፈረንጆች 1924 ተመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት 500 የሚሆኑ የቀድሞ ተማሪዎች ስም ግድግዳው ላይ ተቀርጿል፣ የሁለተኛው በኋላ ተጨመረ። እኔን የገረመኝ ቦታው ነው፣ ልጆቹ ከማደሪያቸው ወደ ክፍል የሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው ያደረጉት፣ ስለዚህ ደብተሩን ይዞ ሲሮጥም በስሞቹ መሃል ነው የሚያልፈው። አንዱን ስም በጣቴ ነካሁት፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ፊደሉ ውስጥ ጣት ይገባል።

ግንበኛው፦
ማቴሪያሉንም እይው፣ ግድግዳው በተፈለጠ ባልጩት ነው የተገነባው፣ ባልጩት የዚያ አገር ድንጋይ ነው፣ ለዛ ነው ከድሮዎቹ ሕንፃዎች ጋር የማይጣላው። አንቺም የአካባቢሽን ድንጋይ ፈልጊ፣ እብነ በረድ ከውጭ አታስመጪ።

ሌላ አስተያየት፦
በዲዛይኑ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር አይለፍ። የመተላለፊያው አራት ማዕዘኖች ያኔ በእንግሊዝ ግዛት ስር ለነበሩት ለአውስትራሊያ፣ ለካናዳ፣ ለህንድና ለደቡብ አፍሪካ የተሰጡ ናቸው። ቤከር ፕሪቶሪያ ያለውን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሕንፃ ዩኒየን ቢልዲንግስን የሠራ፣ ኒው ዴልሂንም ከሌላው እንግሊዛዊ አርክቴክት ከሉትየንስ ጋር የሠራ ሰውዬ ነው፣ የቅኝ ግዛቱን ኩራት እዚህም አምጥቶታል። መተላለፊያውን ውሰጂ፣ ያንን ግን ተዪው።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ የምር። ትናንት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ልጆቹ ከዋናው በር እስከ ክፍል በየት እንደሚሄዱ ቆሜ አየሁ፣ ሁሉም በሜዳው ጥግ፣ በባህር ዛፎቹ ስር ነው የሚቆርጡት። መሃል ግቢ ማንም አያልፍም። ሥዕሉን ወደዛ ጥግ እያዞርኩት ነው፣ ስሞቹን የ7ኛ ክፍል ልጅ ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ላይ ላደርጋቸው ነው።