ሳራችን ላይ የወጣው ቡናማ ክብ ምን ይሆን?

ሚሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የደጃችን ሳር እስከ ጁን ድረስ የሚያስቀና ነበር። ጁላይ ሲገባ ቡናማ ክብ ክብ ነገር ወጣበት። ትልቁ አሁን ምጣድ ያክላል። ዓይነቱ ቶል ፌስኪው ነው። ባለቤቴ ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ያጠጣዋል፤ ጭራሽ ባሰበት። ማዳበሪያ እንጨምር? ውሻም አለን። የሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤ ሳይልክብን መላ በሉን።

ባለ ውሻው፦
ውሻው ነው፣ አትልፊ። ሽንቱ ያቃጥለዋል።

ሳር አጫጁ፣ ቨርጂኒያ፦
ውሻ ያቃጠለው ይለያል። መሃሉ ይሞታል፣ ዙሪያው ግን ሽንቱ ውስጥ ባለው ናይትሮጅን ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። እንደሸና ውሃ ብታፈሱበት ይተርፋል።

የአንቺው ግን ብራውን ፓች የሚባለው የፈንገስ በሽታ ይመስለኛል፣ እህቴ። የዚህ አካባቢ ሰመር ይመቸዋል። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆንና ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድር ይስፋፋል። ማታ የሚጠጣ ሳር ደግሞ እስኪነጋ አይደርቅም።

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ውጪና ክቡ ዳር ያለውን ቅጠል እዪው። መሃሉ ገርጣ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ ጠባሳ ካለበት እሱ ነው። አንዳንዴ ቀጭን ነጭ ድርም ይታያል።

ውሃውን ወደ ንጋት አዙሩት። በየቀኑ መርጨት ይቅር፤ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በደንብ አጠጡት። ከዝናቡ ጋር 1 ኢንች ያህል ከደረሰ ይበቃል። ባዶ የቱና ቆርቆሮ ሳሩ መሃል አስቀምጪ፣ ስንት እንደገባ ይነግርሻል። ስታጭዱ ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ተዉለት። ማዳበሪያውን አሁን እንዳትነኩት! ናይትሮጅን በዚህ ሙቀት በሽታውን ነው የሚያባብሰው።

ሱቅ ብትሄጂ የፈንገስ መድኃኒት ያሸክሙሻል። እኔ ብሩን ባታወጪ ይሻላል ባይ ነኝ። ደህና የሚሠራው በሽታው ሳይጀምር ቀድሞ ሲረጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ አይሞትም፤ ሙቀቱ ሲበርድ ያገግማል።

የጓሮ ወዳጅ፦
ትልንም አትርሱ። ሳሩን በእጅሽ ያዝ አድርገሽ ጎትቺው። ሥሩ ተበልቶ በቀላሉ ከተነሳ፣ ከሥሩ ነጭ፣ የተጠቀለለ የጢንዚዛ እጭ ታገኛለሽ። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ ነው በደንብ የሚታየው። ቁራ መሬቱን እየቆፈረ ካስቸገራችሁም ጠርጥሩ።

ሚሚ፦
ጎትቼው ነበር፣ ንቅንቅ አላለም። ጠባሳው ግን ልክ እንዳልከው አለ። መላጣ ሆኖ የሚቀረውስ?

ሳር አጫጁ፣ ቨርጂኒያ፦
ቶል ፌስኪው እንደ አገር ቤት ሰርዶ እየተሳበ ባዶውን አይሸፍንም፤ ዘር ይፈልጋል። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ጠብቁ። የሞተውን ጠራርጋችሁ አፈሩን ጫር ጫር አድርጉ። ዘሩ ከአፈር ጋር ካልተነካካ ለወፍ ነው የምትዘሩት። እስኪበቅል ላዩን እርጥብ አድርጉት። ያን ጊዜ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ይፈቀዳል።

ማዳበሪያም የበልጉ ወቅት ሳይሆን የመከሩ ይሻለዋል፣ ማለትም ሴፕቴምበር ግድም። ሜሪላንድ ውስጥ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 የሳር ማዳበሪያ መርጨት በሕግ ክልክል ስለሆነ አታዘግዩት።

ባለ ውሻው፦
እኔ ልክ ባልሆንም፣ አዲሱ ሳር አንዴ እስኪታጨድ ድረስ ውሻውን በጓሮ በር አውጡት።