ጥቆማ፦ የኮንሶል ኬብል ጅማ ላይ ከየት ይገዛ?

ሰላም የጅማ ልጆች። የቢሯችን ሊኑክስ ሰርቨር ስክሪን የለውም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኔትወርኩ ሳይነሳ ይቀርና መግቢያ እናጣለን። ያለ ኔትወርክ ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባው የሲሪያል ኮንሶል ኬብል እዚህ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

መልስ፦
እዚሁ አለ ወንድሜ፣ አታስመጣ።

ፈረንጅ አራዳ ካሉት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቆች ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይረውን ገዝቻለሁ። ያገኘሁት ሲኤች 340 ቺፕ ያለው ነው። ርካሽ ነው፤ ድራይቨሩም ከሊኑክስ ከርነል (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር ስለሚመጣ ምንም አልጫንኩም። ኤፍቲዲአይ የሚባል ቺፕ ያለው ካገኘህ እሱን አስቀድም፣ ግን አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። ከዚያ በፊት በውድ የገዛሁት አንድ ኬብል ጉድ ሠርቶኛል፤ ሌሊት ሰርቨሩ ፋይል ሲስተሙ ካልተስተካከለ አልነሳም ብሎ ቆሞ፣ ኬብሉ የጻፍኩትን ፊደል ግማሹን ይውጥ ነበር።

ስለዚህ ሳትፈትን አትክፈል። ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ። ሚኒኮም የሚባለውን የሲሪያል መነጋገሪያ ፕሮግራም ክፈት፣ ሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮል የሚለውን ምርጫ አጥፋ፣ ከኬብሉ ጫፍ ዘጠኝ እግሮች 2ኛውንና 3ኛውን በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኛቸው። የምትጽፈው ፊደል ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ከታየ ኬብሉ ይልካል፣ ይቀበላልም። ሽቦውን ስታነሳ ፊደሉ መቅረት አለበት። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ደህና ባለሱቅ አይከለክልህም።

ሞባይል ጠጋኞች ጋ ያለችው፣ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የምትቀይረው ትንሿ ሰሌዳ ለዚህ አትሆንም። የምትሠራው በ3.3 ወይም በ5 ቮልት ነው፤ የሰርቨሩ ፖርት አርኤስ 232 የሚባለው የሲሪያል ዓይነት ስለሆነ ከዜሮ በላይም በታችም እስከ 15 ቮልት ሊደርስ ይችላል። ታቃጥላታለህ። ኔትወርክ ዘርጊዎች የሚይዙት ሰማያዊ ጠፍጣፋ ኬብል ደግሞ ለስዊችና ለራውተር ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ የመቀየሪያውም የሰርቨሩም ጫፍ ወንዴ ነው፣ ስለዚህ በመሃል የተጠላለፈ ኬብል ያስፈልግሃል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አላገኘሁም። እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አባት ጋ ሁለት ሴቴ ጫፍና ሦስት ሽቦ ይዤ ሄድኩ፤ 2ን ከ3፣ 3ን ከ2፣ 5ን ከ5 በየዱልኝ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለብቻ ሸፍነውታል። ከሁሉም አብልጬ የምጠቁመው እሳቸውን ነው።

ሰርቨሩ ላይ ኮንሶሉ የመጀመሪያው ሲሪያል ፖርት፣ ፍጥነቱም 115200 እንደሆነ ሲስተሙን በሚያስነሳው ፕሮግራም በግረብ በኩል ለከርነሉ ንገረው፤ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ካለው ሎጊኑን ራሱ ያወጣዋል። ዝብርቅርቅ ምልክት ከመጣ መጀመሪያ ፍጥነቱን እይ።

ሌላ መልስ፦
ላፕቶፕህ ኡቡንቱ 22.04 ከሆነና ሲኤች 340 ስትሰካ ብቅ ብሎ ከጠፋ፣ ለብሬይል መሣሪያ የተሠራው ብሬልቲቲ የሚባል ፕሮግራም ወስዶት ይሆናል። ብሬይል የሚጠቀም ሰው ከሌለ ፕሮግራሙን ከላፕቶፑ አጥፋው። እኔ ደህናውን ኬብል ተበላሽቷል ብዬ ለባለሱቁ ልመልስ ስል ነው የደረስኩበት።