የፓርኪንሰን የሴል ጥናት ጥያቄያችን፦ ሁለተኛው ረቂቅ

ረቂቅ አዘጋጇ፦
ሰላም ወገኖቼ። እሁድ ያነሳችኋቸውን ነጥቦች ይዤ ረቂቁን አስተካክያለሁ። ዋናው ሐሳብ ያው ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካሉ የፓርኪንሰን ታማሚ አባሎቻችን ደም ተወስዶ የነርቭ ሴል እንዲበቅል፣ ዩኒቨርሲቲውን በጋራ እንጠይቃለን።

በሽታው የሚገድለው መካከለኛው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመነጩትን ሴሎች ነው። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ አልቀዋል። ከሞት በኋላ አንጎሉን መመርመር ደግሞ ለቅሶ ቤት ደርሶ የሟቹን ሕመም እንደ መጠየቅ ነው። ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው የቆዳ ሴል ውስጥ አራት ጂኖች አስገብቶ ወደ ስቴም ሴልነት፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ሴል ሊሆን ወደሚችል መነሻ ሴል መለሰው። ዛሬ ከደምም ይሠራል። ከዚያ ስቴም ሴል፣ የዚያኑ ሰው ጂን የያዘ ዶፓሚን አመንጪ ነርቭ ይወጣል።

ለጥናት የተዘጋጁት እንዲህ ያሉ ሴሎች በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች የመጡ ናቸው። በ2023 የወጣ፣ ናይጄሪያውያን በብዛት የተሳተፉበት ጥናት ጂቢኤ1 በተባለው ጂን ላይ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ ለውጥ አገኘ። ለውጡ በአውሮፓውያን ዘንድ እምብዛም አይታይም። አፍሪካውያን ደም ባይሰጡ ኖሮ ማን ያየው ነበር? እኛም እንካተት ነው የምለው።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦
እስማማለሁ፤ ግን "በሦስት ወር ውጤት" የሚለው ይውጣ። ደሙን ወደ ስቴም ሴል ለመመለስና ለማጣራት ብቻ ወራት ይሄዳል። ነርቩን ለማብሰል ሌላ ሁለት ወር ገደማ። ሴሎቹ 37 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ፣ ምግባቸው በየጊዜው ይቀየራል። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ፋሲካ የለም። መጀመሪያ ሳህኑ ላይ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ ክምር ነው። ኋላ ከዳር ዳሩ እንደ ፈትል የቀጠኑ ክሮች ይወጣሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ።

ንጽጽሩም ይጻፍ። ከጤነኛ ወንድም ወይም እህት ደም ይወሰድ። የጂን ለውጥ ከተገኘ ደግሞ ክሪስፐር በተባለው የጂን ማረሚያ ዘዴ ተስተካክሎ፣ የታመመውና የታረመው ጎን ለጎን ይታይ። ሌላው፣ ሴሉ ወደ ኋላ ሲመለስ የዕድሜው ምልክት አብዛኛው ይጠፋል። ከ70 ዓመት አዛውንት የወጣው ነርቭ የሕፃን ነርቭ ይመስላል። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ብንደብቀው ገምጋሚዎቹ ያነሱብናል።

ጋሼ፣ ሊቀመንበሩ፦
ልጆቼ፣ በርቱ። አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ሌቮዶፓ የሚባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ስወስድ 9 ዓመቴ ነው። አሁን አሁን ቶሎ ይለቀኛል። ይሄ ጥናት ለእኔ ይደርሳል?

ረቂቅ አዘጋጇ፦
ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አይመስለኝም። የሚሰጡት ደም ምናልባት ለልጅ ልጆችዎ ዘመን ይጠቅም ይሆናል። ይህንን አንደኛው ገጽ ላይ በግልጽ አስገብቼዋለሁ። ማንም ሰው መድኃኒት አገኛለሁ ብሎ እጁን እንዳይዘረጋ።

ሲስተር፦
ጥሩ አደረግሽ። እኔን ያሳሰበኝ የፈቃድ ወረቀቱ ነው። ሴሉ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ሰጪው ካረፈም በኋላ። የጂን ነገር ስለሆነ ልጆችንም ይነካል። ስለዚህ ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ቤተሰብም ይቀመጥ። ሐሳቡን የለወጠ ሰው በአንድ ስልክ "ይቅርብኝ" ማለት ይቻለው።

ደግሞ ፊርማው! የዚህ በሽታ ታማሚ ጽሑፉ እያነሰ ይሄዳል። አንዲት እናት ስማቸውን ሲጽፉ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ፊደል ደህና ነበር፣ የመጨረሻው ነጥብ አክሏል። አፍረው ወረቀቱን ገለበጡት። የጣት አሻራ ወይም በድምፅ የተቀዳ ፈቃድ ይፈቀድልን ብለን እንጠይቅ።

ረቂቅ አዘጋጇ፦
ሲስተር፣ የእናቴም ፊርማ እንዲሁ ሆኗል። ይሄ አንቀጽ በአንቺ አጻጻፍ ይግባ፤ እስከ ሐሙስ ማታ ላኪልኝ። የጊዜ ሰሌዳውንና ንጽጽሩን ዛሬ አስተካክላለሁ። ጋሼ፣ የመግቢያ ደብዳቤውን እርስዎ በቃል ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።